ከሰፈር ታሪክ እስከ አራተኛ ፎቅ ቧንቧ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮች የደረሱን ጥያቄዎች ከፊሎቹ የታሪክ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የውኃ፣ የፍሳሽና የመብራት ናቸው። አንድ ላይ ያቀረብናቸው ሆን ብለን ነው። ሰፈሩ በየትኛው ዘመንና በማን እጅ እንደ ተሠራ ካልታወቀ፣ ቧንቧው ለምን እንደሚደርቅና ማንሆሉ ለምን እንደሚገነፍል መረዳት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደጃች ውቤ ሰፈር ነው፤ አሁን የምኖረው ሲኤምሲ። አንዱ ጋ መንገዱ ለሁለት ሰው እንኳ ይጠባል፣ ሌላው ጋ መኪና እንደ ልብ ያልፋል። በአንድ ከተማ ውስጥ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?

መልስ፦ ከአሠፋፈሩ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማዋ ስትቆረቆር መሠረቷ እንደ ጦር ሰፈር ነበር። ቤተ መንግሥቱ መሐል ኮረብታው ላይ ይሆናል፤ መኳንንቱ በዙሪያው ባሉት ጉብታዎች ላይ ቦታ እየተሰጣቸው ይሰፍራሉ፤ ጭፍራው፣ አሽከሩና ባለ እጁ በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ይቀልሳል። በሁለት ሰፈሮች መካከል ያለው ሸለቆና ወንዝ ባዶውን ይቀራል። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉት በሰው ስም የሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ዘመን ናቸው። መንገዱ የተተወው ለእግረኛና ለበቅሎ ስለሆነ የቆሻሻ መኪናም ሆነ የእሳት አደጋ መኪና ዛሬም ውስጥ ድረስ አይገባም። የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስመጠጥ የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ ወደ ለገሃር ወረደች። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካዛንቺስን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ዜጎቻቸው ደግሞ ፖፖላሬን ሠሩ፤ መርካቶንም በምዕራብ በኩል በቀጥታ መንገዶች ከፋፈሉት። በእነዚህ ቦታዎች መንገዱ ከቤቱ ቀድሞ ተሰመረ፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ለውጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ይህ አዋጅ ብዙ ድኻ ቤተሰብ ከመሐል ከተማ ሳይፈናቀል እንዲኖር አድርጓል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የቀበሌው ኪራይ ጣራ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ ስለነበር ቤቶቹ ባሉበት አረጁ፤ ለብዙ አባወራ አንድ የጋራ መጸዳጃ የሚለው ኑሮም ሥር ሰደደ። ያው አዋጅ መኖሪያ ለሚሠራ ሰው እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። በማኅበር ተደራጅተው የተሠሩት፣ ሰፋ ያለ ግቢና በየግቢው የራሳቸው ሴፕቲክ ታንክ ያላቸው ቤቶች ከዚያ የመጡ ናቸው።

እርስዎ አሁን የሚኖሩበት ሲኤምሲ መጠሪያውን ያገኘው ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ነው፤ አያት ደግሞ ከቤት አልሚው ኩባንያ። ኮንዶሚኒየሙ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየአቅጣጫው ተስፋፋ። እነዚህ ሁሉ በፕላን የተሠሩ ስለሆኑ መኪና ያስገባሉ። ሆኖም ቤቱ ቀድሞ ዋናው የውኃና የፍሳሽ መስመር ዘግይቶ የደረሰባቸው ብዙዎች ናቸው። ሰፊ መንገድ ያለው ሰፈር ሁሉ አገልግሎቱ የተሟላ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን መቼ እንደ ተመሠረተ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ማስረጃ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ከዕድር መዝገብ ይጀምሩ። የአባላት ምዝገባ የመጀመሪያ ገጽ፣ የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ቀንና የመሥራቾቹ ስም ሰፈሩ ሰው የሞላበትን ጊዜ በቅርበት ያሳያል። ዕድር የሚቋቋመው ጎረቤት ሲበዛ ነውና ከመጀመሪያው ቤት ጥቂት ዓመት ዘግይቶ መሆኑን ግን ያስቡ። ቀጥሎ የደብሩን ምሥረታ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የተከፈተበትን ዓመትና የየቤቱን ካርታ ቀን ያመሳክሩ። ካርታው ላይ ያለው ቀን ሰነዱ የተሰጠበት እንጂ ቤቱ የተሠራበት ላይሆን ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ለቆየው ዘመን በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የከተማዋ የድሮ ካርታዎች አሉ፤ ለቅርቡ ደግሞ በጉግል ኧርዝ የዓመታት ምስሎችን ወደ ኋላ እየመለሱ መጀመሪያ የታየውን ጣራ ማግኘት ይቻላል። ሦስት የተለያዩ ምንጮች ከተስማሙ ቀኑን በድፍረት ይጻፉት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት ውኃ ሲመጣ እኛ ጋ ፉጨት ብቻ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶች ከመንገዱ ቧንቧ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ገጥመዋል። እኛም እንግጠም ወይ?

መልስ፦ አይግጠሙ። ምክንያቱን ከሒሳቡ ጀምረን እንንገርዎ።

ውኃ 10 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት 1 ባር ግፊት ይፈጃል። አንዱን ፎቅ 3 ሜትር ብንለው የእርስዎ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ ብቻ 1.3 ባር ነው። በቧንቧው ውስጥ በመተሻሸት የሚጠፋውንና ሻወሩ በደንብ እንዲፈስ የሚፈለገውን ግማሽ ባር ሲጨምሩበት ምድር ላይ ከ2 ባር በላይ መኖር አለበት። ቀን ሁሉም ሰው ሲከፍት ግፊቱ ከዚያ ይወርዳል፤ ሌሊት ግን ቧንቧው ስለሚሞላ ይነሣል። «ውኃ የሚመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ላይ የከተማዋ አቀማመጥ አለ። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን ከከተማዋ ዝቅተኛ ጫፍ በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ ነው። ስለዚህ በአቃቂ ውኃ የሚጠቀም ሰፈር መብራት የጠፋው ሌላ ቦታ ቢሆንም እንኳ ውኃው ይቆምበታል። ፈረቃው ተዛባ ከማለትዎ በፊት ውኃዎ ከየት እንደሚመጣ ቅርንጫፉን ይጠይቁ።

ከመንገድ ቧንቧ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ የሚጎዳው ጎረቤትን ብቻ አይደለም። በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው አየር በታች ሲያወርደው፣ በየመገጣጠሚያው ባለው ቀዳዳ የአፈሩ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መገጣጠሚያ አጠገብ የሚያፈስ የፍሳሽ ቱቦ ካለ ምን እንደሚጠጡ ይገምቱ።

የሚያዋጣው የብሎኩ ነዋሪዎች በጋራ ከምድር ላይ ሮቶ አስቀምጠው መንገዱ በራሱ ግፊት እንዲሞላው ማድረግ፣ ከሮቶው ደግሞ በፓምፕ ወደ ጣራ መግፋት ነው። ልኩን እንዲህ ያውጡ። ብሎኩ 20 አባወራ ቢኖረው፣ በየቤቱ 5 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ 5,000 ሊትር ይሆናል። ውኃው በየሦስት ቀኑ የሚመጣ ከሆነ 15,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 5,000 ሦስት ሮቶ ያስፈልጋል። ሲሞሉ 15 ቶን ስለሚመዝኑ የሚቀመጡት በተጠቀጠቀ መሬት ላይ በተሞላ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ባለ ብረት ኮንክሪት ላይ ነው፤ ድንጋይ ደርድሮ ማስቀመጥ ታችኛውን ክፍል ይሰነጥቀዋል።

ፓምፑ እስከ ጣራው ሮቶ ድረስ ወደ 20 ሜትር ከፍታና የመተሻሸቱን ኪሳራ ጨምሮ 25 ሜትር የሚገፋ፣ በሰዓት 3 ሜትር ኩብ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ለዚህ ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ከፍ ያለ ጉልበት መግዛት ቧንቧውን ከማናጋትና ቆጣሪ ከማስቆጠር በቀር ጥቅም የለውም። ፓምፑን ከሮቶው ሥር፣ ውኃው በራሱ ወርዶ በሚሞላበት ቦታ ይትከሉት። ከመሬት በታች ካለ ማጠራቀሚያ ሽቅብ እንዲስብ የሚያደርጉ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም መሆኗን አይርሱ። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ በጠረፍ አገር 7 ሜትር ይስባል የተባለ ፓምፕ እዚህ ከ5 ሜትር በላይ መሳብ ያቅተዋል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ፓምፑ እየጮኸ ውኃ የማያወጣበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት ነገር በፍጹም አይቅር፦ የታችኛው ሮቶ ሲደርቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እና ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ቼክ ቫልቭ። ያለ ውኃ የሠራ ፓምፕ ማሸጊያ ጎማው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

በግል ለመያዝ ካሰቡ ደግሞ በረንዳ ላይ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አያስቀምጡ። አንድ ሙሉ ቶን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ማለት ነው፤ የመኖሪያ ቤት በረንዳ ለዚህ አልተሠራም። ባለ 200 ሊትር በርሜል ግድግዳ ሥር ማቆም ይሻላል። ውኃው ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያው ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚመጣ በባልዲ ተቀብለው ለመጸዳጃ ያውሉት። ሮቶውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ክረምቱ ሲወጣ፣ ደለሉን አውጥተው ይጠቡት፤ ከዚያ ውኃ ሞልተው ለ1,000 ሊትር 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 1 ሊትር ጨምረው 12 ሰዓት ያቆዩት። ይህ ውኃ አይጠጣም፤ ሙሉ በሙሉ አፍስሰው እንደ ገና በንጹሕ ይሙሉ። መዓዛ የተጨመረበት በረኪና ለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ምድር ቤት ነን። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የመታጠቢያ ቤታችን ወለል ማስወረጃ የላይኞቹን ፍሳሽ መልሶ ይተፋብናል። አስመጥጠን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይደገማል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሐምሌ ላይ መሆኑ ራሱ በሽታውን ይናገራል። የዝናቡ ውኃ ከፍሳሹ መስመር ጋር ተገናኝቷል።

መጠኑን ይዩት። 200 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 10,000 ሊትር ነው። ከላይ ያነሣነው ባለ 20 አባወራ ብሎክ በሁለት ቀን የሚያወጣው ፍሳሽ ያን ያህል ነው። ለዚህ ያልተሠራ ቱቦ ሲሞላ ውኃው መውጫ ይፈልጋል፤ ዝቅተኛው ቀዳዳ ደግሞ የእርስዎ ወለል ነው። ጉድጓዱን ማስመጠጥ ለውጥ የማያመጣውም ችግሩ በሌላ ቦታ ስለሆነ ነው።

በበጋ ይፈትሹት። አንድ ሰው በባልዲ ቀለም የበጠበጠበትን ውኃ በአሸንዳው መውረጃ ያፍስስ፣ ሌላው የፍሳሹን ማንሆል ከፍቶ ከላይ ይመልከት። ቀለሙ ከታየ አሸንዳው እዚያ ተቀጥሏል ማለት ነው፤ ነቅሎ ወደ ጎርፍ መውረጃው ማዞር ነው። የጓሮውን ንጣፍ ውኃ ለማስወገድ የማንሆሉን ክዳን ከፍተው የሚተዉ ጎረቤቶችም አሉ፤ ክዳኑ ተሰርቆ በቆርቆሮ የተሸፈነም እንደዚያው ነው። በዚያ በኩል ዝናብ ብቻ ሳይሆን አሸዋና ፌስታልም ይገባል።

የቀረው የቱቦው ተዳፋት ነው። 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። መሬቱ ሰጥሞ ቱቦው መሐል ላይ ሆድ ካወጣ ቅባትና የቡና አተላ እዚያ ይረጋል። የሚዘጋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ሆድ ያወጣው ያ ነው፤ ከፍቶ ማስተካከል እንጂ ሽቦ መጨመር አያድነውም። ሽቦ ሲያስገቡም ከታችኛው፣ ማለትም ከደረቀው ማንሆል ወደ ላይ ይሥሩ፤ የሞላው በኩል የሚሠራ ሰው ሲከፈት ፍሳሹ ይለቀቅበታል።

ለእርስዎ ቤት ለጊዜው የሚሆነው ቤትዎን ከዋናው መስመር የሚያገናኘው ቱቦ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት መከላከያ ቫልቭ ማስገባት ነው። በሚገባ የሚሠራው ግን የምድር ቤቱ መስመር ከላይኞቹ የተለየ ከሆነ ብቻ ነው። የላይኞቹ ፍሳሽ በዚያው ቱቦ ከቫልቩ በፊት የሚገባ ከሆነ ቫልቩ ሲዘጋ እነርሱ የለቀቁት ይሞላብዎታል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የቱቦውን አሄድ በባለሙያ ያሳዩ።

ሴፕቲክ ታንኩ የሚመጠጠው ደለሉ የጥልቀቱን ሲሶ ሲይዝ ነው። ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥመው እስከ ወለሉ ሰደው ሲያወጡት ጨርቁ የጠቆረበት ቁመት የደለሉ ልክ ነው። መኪናውን ከመጥራትዎ በፊት ከማቆሚያው እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት ለክተው ይንገሯቸው፤ ቱቦው ሳይደርስ የሚመለስ መኪና ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ እባክዎ ለጎረቤትም ያድርሱ። ማንሆልም ሆነ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አይግባ፤ በገመድ ታስሮም ቢሆን፣ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ቢባልም አይግባ። በውስጡ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብዛቱ ሲጨምር የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው እዚያው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል። ክብሪትና ሲጋራም አጠገቡ አይለኮስ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ ይደክማል፣ እንጀራ ዓይን አያወጣም፣ ፍሪጁም ያጉረመርማል። ትራንስፎርመሩ ይቀየርልን ብንል «ይበቃችኋል» ተባልን። እውነት ይበቃናል?

መልስ፦ ሊበቃም ላይበቃም ይችላል። በሰፈር ውስጥ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ በአካሉ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳይበራ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 90 ምጣድ ነው። እሱም ከትራንስፎርመሩ በሚወጡት ሦስት የኃይል ሽቦዎች (ፌዞች) እኩል ሲከፈል፣ ለእያንዳንዱ 30 ሲደርስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ክፍፍል ነው። አዲስ ቤት በተጨመረ ቁጥር ቅርብ ከሆነው ሽቦ ላይ እየተቀጠለ አንዱ ፌዝ 50 ምጣድ ይሸከማል፣ ሌላው 15። ትራንስፎርመሩ በድምሩ በቂ ሆኖ የአንዱ መስመር ሰዎች ይቸገራሉ።

መለየት ቀላል ነው። ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ከተለያዩ ምሰሶዎች የሚስቡ ስድስት ወይም ሰባት ቤቶች ሶኬታቸው ላይ ቮልቱን ለክተው ይጻፉ። አንዱ ጋ 215፣ ሌላው ጋ 180 ከሆነ ጥያቄያችሁ የፌዝ ማመጣጠን ነው፤ ሥራው ከትራንስፎርመር ለውጥ እጅግ ይቀላል። ሁሉም ጋ ከወረደ ትራንስፎርመሩ ነው። ወደ መስመሩ ጫፍ እየራቀ የሚወርድ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል። ቀን፣ ሰዓት፣ የምሰሶ ቦታና ቮልት ተጽፎበት በጋራ የተፈረመ ማመልከቻ «መብራት ይደክማል» ከሚለው የተሻለ መልስ ያገኛል።

ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ያሽቆለቁላል፤ ለዚህ ነው እንጀራው ዓይን የማያወጣው። መጋገሩም ስለሚረዝም ብዙ ምጣዶች አብረው በርተው ይቆያሉ፤ መስመሩም ይበልጥ ይጫናል። ሰፈሩ ተነጋግሮ የመጋገሪያ ቀን ቢከፋፈል ለውጡን በሳምንቱ ያየዋል፤ በቡና ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ምጣዱ ከቆጣሪው ሰሌዳ በቀጥታ የሚመጣ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ይኑረው። 16 አምፔር የሚስብ ዕቃ በተራ ሶኬትና በማከፋፈያ ላይ ለሰዓታት ሲሠራ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል፤ ብዙ ቃጠሎ ከዚያ ይነሣል። የመሬት ሽቦውን አይቁረጡ፤ እርጥበት የገባው ምጣድ ሲነዝር የሚያድነው እሱ ነው። ፍሪጁን ግን ቮልቱ በወረደበት ሰዓት መንቀሉ ይሻላል፤ ዝቅ ባለ ቮልት ለመነሣት የሚታገል ሞተር ይቃጠላል።

መብራቱ ከመድከም ይልቅ አንዳንዱ ቤት ከልክ በላይ ቦግ ካለና ሌላው ከደበዘዘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኒውትራሉ፣ ማለትም ለሦስቱም ፌዞች የጋራ የሆነው መመለሻ ሽቦ፣ ተቋርጧል። ወዲያው ዋናውን ብሬከር አጥፍተው መብራት ኃይል ይጥሩ፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ዕቃ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ለኮብልስቶን ገንዘብ አዋጥቷል። ከዓመት በኋላ እንዳይቦረቦር ምን እንከታተል?

መልስ፦ ከድንጋዩ በፊት የሚገባውን። ውኃ፣ ፍሳሽና የቴሌ መስመር ያልገባለት ቤት ካለ ንጣፉ መጠበቅ አለበት። መጠበቅ ካልተቻለ በየበሩ ፊት ለፊት መንገዱን የሚያቋርጥ ባዶ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብረው ጫፉን ይድፈኑት፤ ነገ ሽቦም ቧንቧም በዚያ ያልፋል። ቦታውን ከሳይት ፕላኑ ላይ ምልክት አድርገው፣ ከአጥሩ ያለውን ርቀት ለክተው ለኮሚቴው ጸሐፊ ይስጡ።

የተጠቀጠቀ ከስክስ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ። አሸዋውን ጎርባጣ ለመሙላት የሚያወፍሩ ሠራተኞች አሉ፤ መኪና ሲያልፍበት የሚሰጥመው እዚያ ነው። ጠርዙ በኮንክሪት ካልታሰረ ድንጋዮቹ ወደ ጎን ይከፈታሉ። ከመሐል ወደ ዳር በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይኑረው፤ ውኃው የሚወርድበት ቦይም መድረሻ ይኑረው። ጎረቤት ሰፈር አጥር ሥር የሚያልቅ ቦይ ቦይ አይባልም። ቦዩን ግንቦት ላይ አጽዱት፤ ሐምሌ ላይ የሚደረግ ጠረጋ ጎርፉ ካመጣው ጋር መታገል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ገርጂ አካባቢ ያለው ቤታችን ግድግዳው በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ይገጥማል። እናፍርሰው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። በምሥራቅና በደቡብ አዲስ አበባ በብዙ ቦታ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቤትዎ ከእርሱ ጋር ይነሣል ይወርዳል። ስንጥቁን ተሻግሮ የሚያያዝ ቀጭን ጀሶ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ በዓመቱ ካልተነካ የቆመ ነው፤ ሞልቶ መቀባት ይበቃል።

የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሥራው የአፈሩን እርጥበት እኩል ማድረግ ነው። የአሸንዳውን ውኃ ከመሠረቱ ያርቁ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠግኑ፣ በቤቱ ዙሪያ ከ1 ሜትር ያላነሰ ወርድ ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ይሥሩ። ባሕር ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ ካለ ከቁመቱ የማያንስ ርቀት ያስፈልገው ነበር፤ ሥሩ መሬቱን ያደርቃል። ስንጥቁ ከ5 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ ከወረደ፣ ወይም በርና መስኮት መዝጋት ካቃተ መሐንዲስ ይምጣ። ወደ ፊት ክፍል ሲጨምሩ መረሬውን ቆፍረው አውጥተው በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት አፈር) ሳይተኩ ወለል አያስሞሉ።

ጥያቄ፦ በቀላል ባቡሩ መስመር አጠገብ ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ «ባቡሩ ደጃፍህ ነው» ይላል። ኮንዶሚኒየም ስለሆነስ የትኛው ፎቅ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚወስደው መስመር በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለምሥራቁ በኩል ትልቅ ለውጥ ነበር። ሐዲዱ ግን መንገዱን ለሁለት ከፍሎ በአጥር ስለተከለለ መሻገሪያ የሚገኘው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ሻጩ የሚነግርዎ በዓይን የሚታየውን ርቀት ነው። እርስዎ ከበሩ እስከ ፌርማታው በእግር ይሂዱ፤ አንድ ጊዜ በጠዋቱ ግፊያ፣ አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከፈጀ፣ ወይም ማታ መንገዱ መብራት ከሌለው፣ ባቡሩ ደጃፍዎ አይደለም።

ስለ ፎቁ፦ ምድር ቤት ውኃ ያገኛል፣ የፍሳሽ መመለስ ግን ያሰጋዋል። የመጨረሻው ፎቅ ከፍሳሽ ነጻ ነው፣ ግን ውኃው አይደርሰውም፣ ጣራውም ያፈስበታል፤ ባለ አራት ፎቆቹ ሊፍት እንደሌላቸውም ያስቡ። ሁሉም እኩል ዋጋ ቢሆን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ እንመርጣለን። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ገዢን የቤቱ ብቻ ሳይሆን የደረጃው፣ የጣራውና የቱቦው የጋራ ባለቤትም ያደርገዋል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የማኅበሩን ሰብሳቢ ያግኙና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የጋራ ወጪ ያልከፈለ ስንት ቤት አለ፣ ጣራው መጨረሻ የተጠገነው መቼ ነው፣ ባለፈው ሐምሌ የትኛው ማንሆል ገነፈለ። መልሱን ከሰሙ በኋላ ወርደው ማንሆሉን በዓይንዎ ይዩት።